አንዲት ጸጉር ሳትጎድል

ትላንት የአባቴን ሬዲዮ ለማሠራት ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ወዳለችው የቆርቆሮ ሱቅ ሄድኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋዜጣ አንጥፎ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በመዶሻ ይሰብር ነበር። በመሐሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ ለሆነ ሥራ ይፈልገዋል። ዱቄቱ ጋዜጣው ላይ ሲፈስ ሽታው መጣብኝ፤ ዝገትና ጨው የተቀላቀለበት፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ምነው? ተቀመጪ እንጂ» አለኝና በርጩማውን በክራንቹ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው።

«እቸኩላለሁ።»

የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝም። ሬዲዮውን ጥዬለት ወጣሁና እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጥ ሮጥ እያልኩ ሄድኩ። ለዚህ ሰው የምነግረው አንድ ነገር አለኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ትላንትም ሳልነግረው ተመለስኩ። ለእሱ ያልነገርኩትን እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያ ሽታ የሰሌዳችን ሽታ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነበር። ቀበሌያችን አዳራሽ እንጂ ጥቁር ሰሌዳ አልነበረውም። ጣውላ ተጋጥሞ ተሠራልንና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤቱ እየለቀምን፣ እየሰበርን፣ ዱቄቱን ከተወቀጠ የዱባ ቅጠል ጋር ለውሰን እንቀባው ነበር። ቀለሙ ቶሎ ስለሚለቅ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና መቀባት አለበት። የምቀባው እኔ ነበርኩ፤ እጄ እስከ ሰኞ ድረስ ጥቁር ነው። አስተማሪዋም እኔ ነበርኩ።

አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስድስተኛን ጨርሼ፣ ሚኒስትሪ አልፌ ቤት ቀርቻለሁ። ሰባተኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ እናቴ ደግሞ በዚያ ክረምት ወልዳ ታማ ስለነበር ታናናሾቼን የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም። «ለአንድ ዓመት ብቻ» አለ አባቴ። ያ አንድ ዓመት እስከ ዛሬ አላለቀም።

የቀበሌው የትምህርት ኃላፊ አስተማሪ ሲያጣ እቤታችን መጣ። ወጣት ነው፤ የካኪ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

እኔ መሬት መሬት ሳይ አባቴ መለሰልኝ። «አስራ ሦስት።»

«አስራ ሦስትማ አይሆንም፤ መመሪያው አይፈቅድም።» ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ለዕድሜዬ ረጅም ነበርኩ። «አስራ ስድስት ብዬ እጽፈዋለሁ። ቁመቷ ይበቃታል።»

እንዲህ አድርጎ በአንድ መስመር ሦስት ዓመት ጨመረልኝ። በማግስቱ ውሃ ስቀዳ እንኳ እንደ አስራ ስድስት ዓመት ልጅ ለመራመድ ሞከርኩ። እንዴት እንደሚራመዱ ግን አላውቅም ነበር።

ትምህርቱ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። የማታ ፀሐይ በተሰበረው መስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ስለምታርፍ ፊደሉ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም። ተማሪዎቼ ከሃያ በላይ ነበሩ፤ በዕድሜ ትንሿ የእናቴ እኩያ ናት። ቀና ብዬ ፊታቸውን አላይም። የማስተምረው ሰሌዳውን ነበር ማለት ይቻላል። «ጮክ በይ እንጂ ልጄ!» ይሉኛል ከኋላ። ጮክ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራቸው አንድ የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ካፖርታቸውን ደርበው መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የሚመጡትም የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አይሰጠውም ስለተባለ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ አንስቼ ስዞር ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

«እኔ ለዚች ልነሣ ነው? ጥርሷን እንኳ በቅጡ ላልቀየረች? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማችሁም? ብስለት ከዕድሜ ነው የሚመጣው!»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ያኔ ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ሴትዮ ሙሉ በሙሉ ዞሩ።

«ላሜ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ማታ ታጠግበኛለች። አንተ ስልሳ ሞልቶሃል፤ እስቲ ካንተ ምን ታለበ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛውም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። «ምላስሽ ይታለብ!» ብለው ካፖርታቸውን ሰበሰቡና ተቀመጡ። ትምህርቱ በዚያው ተጀመረ።

ሴትዮዋ ወተት ሻጭ ናቸው። እማማ እላቸው ነበር። ቤታቸው ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ያረሱ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ወተት ተሸክመው ሳር ቤት ወዳሉት ቪላዎች ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከጀሞ ሜዳ ሣር አጭደው ይመለሳሉ። ልብሳቸው ሁልጊዜ የትኩስ ወተትና የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። የእኔን አስራ ስድስት ዓመት ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔንም ልጅ እንዲሁ ነው ያደረጉት። አስራ ስድስት ነው ብላቸው፣ ቁመቱን አይተው አስራ ስምንት አሉ። ይሄ ቀበሌ ሰውን እንደ ባሕር ዛፍ በቁመት ነው የሚቆጥረው።»

እኔን ለቀልድ «የኔታ» ይሉኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የኔታ የሚባሉት ጢማቸውን አንዠርግገው ዳዊት የሚያስደግሙ ቄስ ናቸው፤ እኔ ግን ነጠላዬ እየወደቀ የሚያስቸግረኝ ልጅ። ቢሆንም ሲጠሩኝ ጀርባዬ ቀና ይል ነበር።

ለምን እንደሚማሩ አይደብቁም። «የልጄን ደብዳቤ በሰው አፍ መስማት ሰለቸኝ» ይላሉ። «ሰው ሲያነብልኝ የልጄን ድምፅ አይደለም የምሰማው፤ የአንባቢውን ነው።»

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ እየሮጡ ደጃችን መጡ። ነጠላቸው መሬት ይጎትታል። ከሰሜን የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤ አምጥቶላቸዋል። ሹፌሩ ራሱ ከሌላ ሰው የተቀበለው ስለሆነ ልጁን አያውቀውም። ከሦስት ቀን በኋላ ስለሚመለስ፣ መልስ ካለ ይዞ ይሄዳል።

«ነይ የኔታ፣ እቤቴ ሄደን አንብቢልኝ። መንገድ ላይ አይሆንም።»

በረታቸው ደጃፍ ላይ ግንድ አለ፤ እዚያ ላይ አስቀመጡኝ። ላሟ ታመነዥካለች። ጾም ስለሆነ ወተት የሚገዛ ብዙ ሰው የለም፤ ቤቱ የሚናጥ ወተት፣ የእርጎ ሽታ ሞልቶታል። ደብዳቤውን ከፈትኩ። እጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነበር፤ ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል።

«ይድረስ ለውድ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ።

የጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች እንደቆረጡት፣ ሆስፒታል እንዳለ፣ ቁስሉ እየደረቀ እንደሆነ ይላል። «ከእንግዲህ ሣር ማጨድም ላም መከተልም አልችልም» ይላል። «አንቺን የምረዳ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን የምትረጂኝ ልጅ ሆኛለሁ። እንዲህ ሆኜ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ? ከፈቀድሽ ጻፊልኝ። አይ ካልሽ፣ እንደ እኔ ያሉት ወደሚሰበሰቡበት ቦታ እንድሄድ ተመዝግቤ እሄዳለሁ፤ አልቀየምሽም።»

ቀና ስል እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው አፌን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ምንም መከላከያ አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁ ሰበብ ፈልጌ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእናቴ ወንድም አገር ቤት ሞቶ ነበር። እናቴ እርጉዝ ስለነበረች አባቴና ጎረቤቶቹ ስምንት ወር ሙሉ ደበቋት። «ወንድሜ ለምን አይጽፍም?» ስትል «ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ነው» ይሏት ነበር፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ወልዳ ከተነሣች በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና መርዶውን ነገሯት። እናቴ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ሰዎቹ እንዴት አድርገው እንደያዙት ሠፈሩ ሁሉ አደነቀ። «በሳል ሰዎች ናቸው» ተባለ። እኔ በር ጥግ ቆሜ ይህን ሰምቻለሁ። ክፉ ወሬ ደብቆ መያዝ ማለት ትልቅ ሰው መሆን ነው ብዬ ያዝኩት። መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም። እኔ ደግሞ በወረቀት አስራ ስድስት ነኝ።

«ደህና ነኝ» ብዬ አነበብኩ። «እኔ በጣም ደህና ነኝ። ናፍቄሻለሁ። ላሟ ወለደች ወይ? ፈቃድ ሳገኝ እመጣለሁ።»

ስለ ላሟ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እማማ ግን «ላሟን አልረሳም!» ብለው ጭኔን መቱኝ። ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙትና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ መልሱን ልጽፍ ሄድኩ። ደስታቸው ገና አልበረደም ነበር፤ ሣር እየጎዘጎዙ፣ እንቦሳውን እየገፉ ነው የሚያስጽፉኝ። ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠሩ ሰላም ይልሃል አሉ። መጨረሻ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እናቶች ሲመርቁ እንደሚያደርጉት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እንዲህ በይው። እንደ ሄድክ፣ ሙሉ ሆነህ፣ ከራስህ ላይ አንዲት ጸጉር ሳትጎድል ተመለስልኝ። ከዚህ ሌላ አልፈልግም በይው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ምነው?»

«እጄን ደከመኝ።»

«አይዞሽ፣ ይቺ ብቻ ናት የቀረችው። ሙሉ ሆነህ። ጻፊ።»

ጻፍኩት። ሲነበብ ደፍሬ የዋሸሁ ሰው፣ ሲጻፍ የትልቅ ሰው ቃል መለወጥ ፈራሁ። ምርቃት ነው፤ እናት ሁሉ የምትለው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ እማማ በአውራ ጣታቸው ቀለም ነክተው ከሥሩ ፈረሙ። ሹፌሩ ይዞት ሄደ።

የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ቦኖ ውሃ ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። አንድ እግሩ አጭር የሆነ ሰው እንስራ ለተሸከመች ሚስቱ መንገድ ያስለቅቅ ነበር። ድንገት ያንን ደብዳቤ በልጁ ዓይን አነበብኩት። ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቋል። እናቱ «ሙሉ ሆነህ ከሆነ ና» ብላዋለች። ባልዲዬ ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ሰዎች ጮኹብኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ቤት ስሆን ወደ ደጅ፣ ደጅ ስሆን ወደ ቤት። ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩት። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ አስፋልቱ እሮጣለሁ፤ ደርሼ ምን እንደምል አላውቅም። እናቴ «ይቺን ልጅ ምን ነካት፣ እንደ ተነከሰች በቅሎ ትዞራለች» ትል ነበር።

የባሰው ደግሞ ትምህርቱ ነው። እማማ ከሁሉም በልጠው ያነባሉ። ሣር ሲያጭዱ ፊደል በማጭዳቸው ጫፍ መሬት ላይ እንደሚጽፉ ይነግሩኛል። እኔ በእጄ የማስተምራቸው ፊደል አንድ ቀን ያንን ደብዳቤ ያነብላቸዋል። ስለዚህ ማዘግየት ጀመርኩ። ቃል መጻፍ ልንጀምር ስንል ወደ ሀ ሁ መለስኳቸው። «ክለሳ ነው» እላለሁ ለሰሌዳው።

«ምን ያለ ክለሳ ነው?» አሉ ዘበኛው በሦስተኛው ሳምንት። «እንደ አውድማ በሬ እዚያው በዚያው ታዞሪናለሽ! አሁንማ እኔም ልማር ብዬ ልቤ ሲነሣ!»

ሰው ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም። ተነሡና ከጉያቸው ያንን ወረቀት አወጡ። ላብ ጠጥቶ ጠርዙ ተልጧል። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡትና ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረጉ።

«ይ… ድ… ረስ። ይድረስ። ለው… ድ። እና… ቴ።» ቀና አሉ። «ይድረስ ለውድ እናቴ! እኔን እኮ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘበኛው እንኳ አግዳሚውን በዱላቸው መቱ። እማማ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ፋሲካ ሳይደርስ ሁሉን ራሴ አነበዋለሁ፤ አንቺን አላስቸግርም የኔታ።»

በዚያው ዕለት ለአባቴ ነገርኩት። አጥር እያሰረ ነበር። ሁሉን ነገርኩት፣ መልሱንም ጭምር። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«ባታነቢላት ደግ አድርገሻል። ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይነገርም። ጾሙ ይፈታና ሽማግሌ ይዤ እኔ እነግራታለሁ።»

«ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው እኮ አባዬ። እናቱ አልፈልግህም ያለችው ይመስለዋል።»

«ልጅ ነሽ፤ አይገባሽም። ነገር በወቅቱ ነው።»

የሚፋተጉትን የእንጨት ጫፎች እያየሁ ቆምኩ። አባቴን እወደዋለሁ፤ ብልህ ሰው ነው፣ ሠፈሩም ያከብረዋል። ያን ጊዜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲሳሳት በዓይኔ አየሁ። ለካ እኔ የተማርኩት ስህተታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። ፉሪ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ሣሩ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። እማማ ላሟ ሥር ቁጢጥ ብለው ያልባሉ። ከጀርባቸው ቆምኩ፤ ፊታቸውን እያየሁ ቢሆን ኖሮ አልችልም ነበር።

«እማማ፣ ደብዳቤውን ልክ አላነበብኩልዎትም።»

ወተቱ ጣሳው ውስጥ ጭርር፣ ጭርር ይላል። አልቆመም።

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

«ሞቷል?»

«አልሞተም! አልሞተም እማማ።»

«እንግዲያው አንብቢ።» በግራ እጃቸው ከጉያቸው አውጥተው፣ ሳይዞሩ፣ ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

አነበብኩ። እግሩ ጋ ስደርስ ወተቱ ቆመ። እንቦሳው መጮህ ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም። «ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ» የሚለው ጋ ስደርስ «እሱን ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«እኛ ምን ብለን ነበር የመለስንለት?»

«እኛ» ነው ያሉት።

«ንገሪኝ።»

«ሙሉ ሆነህ… አንዲት ጸጉር…»

ወተት በነካው እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ላሟ ዞራ አየቻቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ከከንፈራቸው ዳር ወተት ይወርዳል።

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም።»

«ልጅ አይዋሽም ብዬ እኮ ነው ላንቺ የሰጠሁት። አባትሽም ማንበብ ይችላል፤ ለእሱ ያልሰጠሁት ለዚህ ነበር። አንቺ ግን እንደ ትልቅ ሰው ዋሸሽኝ።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ላለቅስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አታልቅሺ። ጊዜ የለንም። ወረቀት ይዘሻል?»

ይዤ ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱት። «የኔን እጅ ጽሑፍ አይቶ አያውቅም። ሲያየው ማን እንደሆነ ያውቃል።»

በርጩማውን ጠረጴዛ አድርገው መሬት ላይ ተንበረከኩ። የጠፋቸውን ፊደል ይጠይቁኛል፤ እኔ በእንጨት አፈሩ ላይ እጽፋለሁ፤ እሳቸው አይተው ይገለብጣሉ። ጣሳው ውስጥ ያለው ወተት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሦስት መስመር ወጣ። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።

«ልጄ ና። እንዳለህ ና። እናትህ ነኝ።»

ሹፌሩ መቼ እንደሚያልፍ አያውቁም። አምስት ቀን ሙሉ፣ ላሟን ለጎረቤት ሰጥተው፣ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ በእጃቸው አስቆሙ። አንዳንዱ ሰድቧቸው ያልፋል። በስድስተኛው ቀን አገኙት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፋሲካ አለፈ። አባቴ ሽማግሌ ሊሰበስብ ሲል «አውቄዋለሁ» ብለው መለሱት፤ ከማን እንደሰሙ አልነገሩትም። ለማንም አልነገሩም። ትምህርት መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ የአንደኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። እኔን አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር የማስበው ልጁን ነበር። ልጁ ቢሄድስ? ተመዝግቦ የሆነ ቦታ ቢወስዱትስ? ሁለተኛው ደብዳቤ ባዶ አልጋ ቢያገኝስ? ሰሌዳውን ስቀባ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሕፃኑን አዝዬ እሹሩሩ ስል፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እየደጋገምኩ እሄዳለሁ።

ሰኔ ውስጥ ነው የመጣው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ ነበር፤ ገና ማባራቱ ነው። እኔ እማማ ቤት ሣር እያስገባሁ ነበር፤ የዚያን ሰሞን ሳልጠራ እየሄድኩ እረዳቸው ነበር። የጋሪ ድምፅ ሰማን። ጋሪው ጭቃ ፈርቶ ከሩቅ ቆመ። አንድ ረጅም ልጅ ወረደ፤ መጀመሪያ ሁለት ክራንች፣ ከዚያ አንድ እግር። አንደኛው የሱሪው እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጭቃው ውስጥ ክራንቹ እየሰመጠ፣ እየነቀለ መጣ። እማማ ሮጠው አልሄዱም። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት፤ እንደማንኛውም ከመንገድ እንደሚገባ ልጅ በራሱ እንዲገባ ነው መሰለኝ። ሲደርስ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥመው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት። ከዚያ ግንዱ ላይ አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሃ አሙቂ። እግሩን ልጠበው።»

አሞቅሁ። መንገደኛ ሲመጣ እግር ይታጠባል፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ገበቴውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ፤ እኔ በጣሳ አፈስሳለሁ። ጭቃው ሲለቅ ተረከዙ ነጭ ሆኖ ታየ።

«እማ» አለ ልጁ፣ ውሃውን እያየ። «ሁለት ደብዳቤ ነው የደረሰኝ። የመጀመሪያውን ካነበብኩ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰነበትኩ። ተመዝግቤም ነበር። የሚወስደን መኪና ዘግይቶ ነው እንጂ ሁለተኛው ባላገኘኝ።» ቀና ብሎ አያቸው። «ያንን እንዴት ጻፍሽልኝ? ሙሉ ሆነህ ና?»

አሁን ሃያ ዓመቴ ነው፤ በቀበሌው ወረቀት ሃያ ሦስት። እማማ ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ያን ቀን ለራሴ «ትልቅ ስሆን እነግረዋለሁ» ብዬ ነበር። በሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ይለኛል፤ የአባቴን ሬዲዮ ስንት ጊዜ እንደሠራልን አልቆጥረውም። እናቱ ያንን ቃል እያወቀች የተናገረችው ይመስለዋል፤ ይቅር ብሏታል፣ ይቅር ብሎም ቀብሯታል። ዕድሜው መጣልኝ፤ ድፍረቱ አብሮት አልመጣም።

ያን ቀን፣ ልጁ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ማፍሰሴን አቆምኩ። «እኔ…» አልኩ።

እማማ ቀና ሳይሉ «ቃሉ የኔ ነው» አሉት። «ሰምቼ ደንግጬ ነበር፤ አፌ ያመጣውን አልኩ። ይቺ ልጅ ናት፤ ያሏትን ነው የምትጽፈው። ይቅር በለኝ።»

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ…»

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም። «ውሃ አፍስሺ።»

አፈሰስኩ። እሳቸው ያቺን አንዲት እግር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በጣቶቹ መሐል፣ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ፣ ንጹሕ ከሆነች በኋላም ማጠብ አላቆሙም። ውሃው አለቀ። ሌላ አመጣሁ።